ችግኝ ከርክክብ በኋላ፦ የኬንያ ቆላማ ምሥራቅ ትምህርት ቤቶችና የአንድ የደን ኩባንያ ልገሳ

የደን ልማት ኩባንያዎች ለትምህርት ቤቶች፣ ለቤተ እምነቶችና ለጤና ተቋማት ችግኝ ሲለግሱ በአብዛኛው በመዝገብ የሚሰፍረው የተሰጠው ችግኝ ብዛት ነው። በርክክቡ ዕለት ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ቁጥሩም በዓመቱ ሪፖርት ይወጣል፤ ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስንቱ እንደጸደቀ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ለዚህ ጥናት የተመረጠው ጉዳይ ይህን ጥያቄ ከጅምሩ የአሠራሩ አካል ያደረገ መርሐ ግብር ነው። ቤተር ግሎብ ፎረስትሪ የተባለው በኬንያ የሚሠራ የደን ልማት ኩባንያ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል አመንጪው ድርጅት ኬንጄን ያቋቋመው ኬንጄን ፋውንዴሽንና ባምቡሪ ሲሚንቶ በኤምቡ፣ በኪቱዊና በማቻኮስ ካውንቲዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ችግኝ እያቀረቡ ያካሄዱት ይህ ሥራ «ግሪን ኢኒሼቲቭ ቻሌንጅ» ይባላል። ለ10 ዓመታት የታቀደ ሲሆን፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አነስተኛ የዛፍ ማሳ በመትከል በድምሩ ከ460 ኤከር በላይ ደረቅ መሬት በዛፍ ለመሸፈን ያለመ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና የቦታው ችግር

ሦስቱ ካውንቲዎች የሚገኙት ከናይሮቢ በስተምሥራቅና በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የታና ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወደ ቆላው በሚገባበት አካባቢ ነው። በዚህ የወንዙ ክፍል ላይ ሰቨን ፎርክስ በመባል የሚታወቁት የኃይል ማመንጫ ግድቦች ተደርድረዋል፦ በ1968 ሥራ የጀመረው ኪንዳሩማ፣ ከዚያም ካምቡሩና ጊታሩ፣ በ1981 የተጠናቀቀው ትልቁ የማሲንጋ ግድብ፣ በመጨረሻም በ1988 የተሠራው ኪያምቤሬ። ከግድቦቹ በላይና በዙሪያቸው ያለው መሬት ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ እየተመነጠረ ሲራቆት፣ ጎርፍ የሚያጥበው አፈር በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያዎቹ ይገባል፤ ከታች የተኛው ደለል ደግሞ ለዝናብ ውሃ የታሰበውን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በእነዚህ ካውንቲዎች የሚቆረጥ ዛፍ የገበሬው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አገሪቱ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክም የሚቀንስ ነው።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። በዚህ ቆላማ ምሥራቅ ይበልጥ የሚታመነው ሁለተኛው በመሆኑ ዛፍ የሚተክል ሰው ዓይኑን የሚጥለው በኅዳር ወር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥርና የካቲት ደረቅ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ደግሞ ረጅሙና ብርቱው በጋ ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ መዳን ወይም አለመዳኑ የሚለየው በእነዚህ ሁለት የደረቅ ወቅቶች ነው።

የሦስቱ ድርጅቶች ጥቅም

ሦስቱም ወገኖች ከሥራው የሚያገኙት ነገር አለ፤ ይህን በግልጽ ማስቀመጡ ለጉዳዩ መረዳት አስፈላጊ ነው። ኬንጄን ግድቦቹን ከደለል መጠበቅና በግድቦቹ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ ጋር በሰላም መኖር ይፈልጋል። ባምቡሪ ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ የሚያወጣና በእቶን የሚያቃጥል ኢንዱስትሪ ሲሆን፣ መሬትን በዛፍ መልሶ የማልማት የቆየ ልምድም አለው፦ የግብርና ባለሙያው ሬኔ ሃለር ከ1971 ጀምሮ በሞምባሳ አጠገብ ድንጋዩ ተቆፍሮ ያለቀበትን የኩባንያውን ባዶ ጉድጓድ በካዙዋሪና ዛፍ ጀምሮ ወደ ደን የቀየረው እዚያ ነው። ቤተር ግሎብ ፎረስትሪ በበኩሉ በኪያምቤሬ አካባቢ ሰፊ የዛፍ እርሻ ያለው፣ ገንዘቡንም በአመዛኙ ዛፍ ከሚገዙ የአውሮፓ ሰዎች የሚያሰባስብ ኩባንያ ነው። በቆላ መሬት ጣውላ የሚሆን ዛፍ ማልማት እንደሚቻል ጎረቤቶቹ በዓይናቸው ቢያዩ፣ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ቢማሩት፣ ለኩባንያው የራሱ ሥራ መሠረት ይሆንለታል።

በእኔ ግምገማ ይህ የጥቅም ትስስር የልገሳውን ዋጋ አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። በደለሉ የሚጎዳው ድርጅት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመትም ችግኙ የት ደረሰ ብሎ ለመጠየቅ የራሱ ምክንያት አለው። ከተከላው ቦታ ምንም የማያገናኘው ለጋሽ ግን፣ ቅን ልብ ቢኖረው እንኳ፣ በጀቱ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚተወው የክትትሉን ሥራ ነው።

የተመረጠው ዛፍ

ለትምህርት ቤቶቹ ከተሰጡት ዝርያዎች ዋናው በካምባ ሕዝብ ዘንድ ሙካኡ የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሜሊያ ቮልከንሲ የሆነው አገር በቀል ዛፍ ነው። ተፈጥሯዊ መገኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቆላ ሲሆን ከኬንያ ሌላ በታንዛኒያ፣ በሶማሊያና በደቡባዊ የኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል። ከዋንዛና ከኮሶ በቀር ጣውላ የሚሆን አገር በቀል ዛፍ ማሰብ ለሚቸግረን ለእኛም ይህ ዝርያ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል። ሙካኡ በዓመት ከ300 እስከ 800 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ዝናብ ያድጋል፤ በድርቅ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ራሱን ያድናል፤ እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ከማሆጋኒ ቤተሰብ በመሆኑ ጣውላው ለቤት ዕቃ፣ ለበርና ለመስኮት ተፈላጊ ነው። በጥሩ እንክብካቤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ለመሰንጠቅ ይደርሳል፤ ይህም ለቆላ ጠንካራ እንጨት ፈጣን የሚባል ነው።

ሙካኡን ከችግኝ ልገሳ ጋር የሚያገናኘው ዋናው ነገር ግን ዘሩ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ቅርፊት እጅግ ጠጣር ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ የሚበቅለው በጣም ጥቂት ነው። ባለሙያ ዘሩን ለማብቀል መጀመሪያ ሥጋውን ከፍሬው ይለያል፤ ከዚያም ቅርፊቱን በጥንቃቄ ይሰብርና በውስጡ ያለውን ዘር ሳይጎዳ ያወጣል፤ ጫፉን በትንሹ ይቆርጣል፤ በውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ስስ ሽፋኑን በስለት ይሰነጥቃል፤ በመጨረሻም በታጠበ አሸዋ ላይ፣ በላስቲክ በተሸፈነ ሞቃት መደብ ውስጥ ይዘራዋል። በየደረጃው ሻጋታ ሊያጠፋው ይችላል። የኬንያ ደን ምርምር ተቋም ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ከጃይካ ጋር ለዓመታት የደከመው ለዚህ ነበር፤ በተለይ ከ2012 እስከ 2017 በተካሄደው ድርቅ ተቋቋሚ ዛፎችን የማሻሻል ፕሮጀክት ከየአካባቢው 100 የላቁ የሙካኡ ዛፎች ተመርጠው በኪቱዊ ቲቫና በኪብዌዚ የዘር ማፍሪያ ማሳዎች ተመሥርተዋል።

እንግዲህ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ቢፈልግ ዘሩን አግኝቶ በራሱ ግቢ ሊያፈላ ይችላል፤ ሙካኡን ግን በራሱ አቅም ማፍላት ይከብደዋል። ኩባንያው ችግኝ ጣቢያና የሠለጠነ ሠራተኛ ስላለው ተቋሙ በቀላሉ የማያገኘውን ነገር ሰጠ ማለት ነው። የችግኝ ልገሳ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተቀባዩ በራሱ እጅ ሊያፈላው የሚችለውን ችግኝ በመኪና ጭኖ ማምጣት የራሱን የችግኝ ጣቢያ እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል።

ከሙካኡ ጎን የተሰጠው ሰና ሲያሚያ የእስያ ዝርያ ሲሆን የተመረጠበት ምክንያት ሌላ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ በብርቱ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ ማገዶ ይሆናል። የተማሪ ምገባ ያለበት የገጠር ትምህርት ቤት በቆሎና ባቄላ የሚቀቅለው በእንጨት ስለሆነ፣ ማገዶ የመግዛት ወጪው የወላጆችን ኪስ የሚነካ ነው። አንዱ ዛፍ ለነገ ጣውላ፣ ሌላው ለቅርብ ጊዜ ማገዶ መሆኑ ትምህርት ቤቱ 15 ዓመት ሙሉ ያለ ጥቅም እንዳይጠብቅ ያደርጋል።

ሁለቱንም ዝርያዎች የሚያጠፋ ስህተት ቦታ አለመለየት ነው። ሙካኡ ውሃ የሚተኛበትን ዋልካ አፈር አይችልም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። በየግቢው ለዛፍ የሚተወው መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር የማይሠራበት ረግረጋማ ጥግ ነው። ስለዚህ ከርክክቡ በፊት ባለሙያ መጥቶ አፈሩን ማየቱ ከችግኙ እኩል ያስፈልጋል።

የትምህርት ዘመንና የዝናብ ዘመን

ትምህርት ቤት ለችግኝ እንክብካቤ የተመቸ ተቋም ይመስላል፤ ብዙ እጅ አለው፣ አጥር ሊኖረው ይችላል፣ መምህራኑም ማስተማር ያውቃሉ። በኬንያ ሁኔታ ግን አንድ መሠረታዊ አለመጣጣም አለ። የትምህርት ዘመኑ በጥር ተጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ያበቃል፤ አገር አቀፍ ፈተናዎች የሚሰጡትም በዚያው ጊዜ ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ረጅሙ ዕረፍት ይሆናል። ማለትም ዋናው የመትከያ ዝናብ የሚዘንበው መምህራን በፈተና በተወጠሩበትና ግቢው ሊዘጋ በተቃረበበት ሰሞን ነው። ጉድጓዱ በመስከረም፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ካልተቆፈረ በኅዳር ዝናብ ላይ ለመቆፈር የሚተርፍ ሰው አይኖርም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ባሉት ሳምንታት አረሙን የሚያርም፣ ፍየል የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል፤ የሙካኡ ቅጠል በደረቅ ወቅት ለከብት መኖ የሚሆን በመሆኑ ፍየል አጥር ጥሳም ትገባለች። ይህን ሥራ በዕረፍቱ ወቅት የሚሠራው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወይም በአቅራቢያው የሚኖር ወላጅ ነው። በስልጠናው ላይ ከሚቀመጡት መካከል ይህ ሰው መኖር አለበት፤ ስሙ ሳይጻፍ የሚቀር ከሆነ ኃላፊነቱ የማንም አይሆንም።

ጥር ሲገባ ተማሪዎች ይመለሳሉ፤ ደረቁም ወቅት አብሮ ይገባል፤ እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ጥንካሬ ይታያል። የውሃውን ልክ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በግማሽ ኤከር ላይ ሙካኡ በ4 ሜትር በ4 ሜትር ርቀት ቢተከል ወደ 125 ዛፍ ይይዛል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር ቢጠጣ ሳምንታዊው ፍላጎት 1,250 ሊትር ይሆናል። በእነዚህ ካውንቲዎች ተማሪዎች ከቤታቸው ውሃ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ 300 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት በየቀኑ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ለችግኝ ቢተርፍለት በአምስት ቀን የሚሰበስበው 750 ሊትር ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው ብዙ ያንሳል። ቀሪውን ጉዝጓዝ (እርጥበት እንዳይተን በችግኙ ሥር የሚነጠፍ ደረቅ ሣርና ቅጠል)፣ በዛፉ ዙሪያ የሚሠራ የውሃ ማቆሪያ ግማሽ ክብ እርከንና ከእጅ መታጠቢያ የሚወርድ ውሃ መሸፈን ይኖርባቸዋል። ልጆች ከሩቅ የተሸከሙት ውሃ ያለ ጉዝጓዝ በጠራራ ፀሐይ ላይ ቢፈስ ድካማቸውን ማባከን ነው፤ ስለዚህ የጉዝጓዝ ትምህርት ለእኔ ከመትከል ትምህርት ይቀድማል።

ውድድሩ

የመርሐ ግብሩ ልዩ ገጽታ ስሙ እንደሚያመለክተው ውድድር መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ችግኝ ስለተከሉ አይሸለሙም፤ የሚመዘኑት ችግኞቹ ምን ያህል እንደጸደቁና ለማጽደቅ በተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ከሽልማቶቹ መካከል የውሃ ማጠራቀሚያ ታንክ ይገኝበታል፤ ምርጫው ብልህነት የተሞላበት ነው፤ ዛፉን በማዳን የተገኘ ሽልማት መልሶ ዛፉን የሚያጠጣ ይሆናልና። በየትምህርት ቤቱ ኃላፊነቱን የወሰደ መምህር ይኖራል፤ የደን ባለሙያዎችም እየመጡ ይቆጥራሉ።

ውጤቱ የሚለካበት ቀን ከተከላው ዕለት ወደ ኋላ ወዳለው ጊዜ መዘዋወሩ ቀላል ነገር አይደለም። የተከላው ዕለት የሚቆጠር ከሆነ ለጋሹም ተቀባዩም ቁጥር ለማብዛት ይገፋፋሉ፤ ችግኝ ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ጉድጓድ ጠባብ ይሆናል። ከአንድ በጋ በኋላ የሚቆጠር ከሆነ ግን ርእሰ መምህሩ ራሱ «ያን ያህል አንችልም፣ ትንሽ ስጡን» የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ይህ ተቀባዩን እንደ ለማኝ ሳይሆን እንደ ተዋዋይ የሚያይ አሠራር ነው።

ሆኖም ውድድር የራሱ ጉዳት አለው። ጉድጓድ ውሃ ያለው ትምህርት ቤት ውሃ ከሌለው ጋር እኩል ሊወዳደር አይችልም። ታንኩ ለአሸናፊው ብቻ ከተሰጠ፣ ውሃ የነበረው ሌላ ውሃ ይጨመርለታል፤ ያጣው ግን እንዳጣ ይቀራል። ሽልማቱን ተመሳሳይ የውሃ ሁኔታ ባላቸው ትምህርት ቤቶች መካከል መክፈል፣ ወይም ካለፈው ዓመት ራሱ ያሻሻለውን ትምህርት ቤት መሸለም ይህን ያቃልላል። ለተመሳሳይ ሥራ የሚነሡ ለጋሾች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ሁለቱ ፈተናዎች

በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኬንያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት ጥቂት ክፍሎች ቢመለሱም ሁሉም የተመለሱት በጥር 2021 ነው። ከዚያ በኋላ የትምህርት ዘመኑ ተጨናንቆና ከቦታው ተዛውሮ ወደ ቀድሞው የጥር ጅማሬ የተመለሰው በ2023 ነው። በዚህ ላይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2022 መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የኬንያ ደረቅ ካውንቲዎችም የጉዳቱ ተካፋይ ነበሩ። በተማሪ እጅ ውሃ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የችግኝ ሥራ በአንድ ጊዜ ተማሪውንም ዝናቡንም የሚያጣበት ሁኔታ ይህ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ነገር ለእቅድ አውጪ ግልጽ ነው። የ10 ዓመት መርሐ ግብር ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት የከሸፈ ዝናብ እንደሚያጋጥመው ታስቦ መነደፍ አለበት፤ ለመተኪያ ችግኝ የሚሆን በጀት ከመጀመሪያው ይያዛል፤ ትንበያው መጥፎ ከሆነ ተከላውን ወደሚቀጥለው ወቅት ማስተላለፍ እንደ ውድቀት አይቆጠርም። የዓመቱን ኮታ ለማሟላት ሲባል በደረቅ መሬት ላይ ችግኝ ማውረድ ለዓመታት የተደከመበትን የሙካኡ ዘር መጣል ነው።

ዛፉ የማን ነው?

ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 69 ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት ቢያንስ 10 በመቶው በዛፍ እንዲሸፈን መንግሥት እንዲሠራ ግዴታ ጥላለች፤ በ2022 መጨረሻም እስከ 2032 ድረስ 15 ቢሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ ለተከላ ጉልበት ይሰጣል። ስለ ቆረጣ ያለው ሥርዓት ግን እንዲያ አልጠራም። በየካቲት 2018 መንግሥት በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖች ላይ የጣለው የእንጨት ቆረጣ እገዳ ለዓመታት ቆይቶ ነበር፤ ጣውላ ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝም የኬንያ ደን አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ለግቢያቸው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሳይኖራቸው ኖረዋል። ዛፉ በደረሰ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ቦርድ ባለቤትነቱን በምን ያረጋግጣል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ኩባንያ ለትምህርት ቤት የጣውላ ዛፍ ሲለግስ አብሮ ሊያስረክበው የሚገባው አጭር የጽሑፍ ስምምነት ነው ብዬ አምናለሁ። በስምምነቱ ዛፉ ሙሉ በሙሉ የትምህርት ቤቱ መሆኑ፣ ኩባንያው ቀድሞ የመግዛት መብት ካለው ዋጋው በምን እንደሚወሰን፣ ገንዘቡ በየትኛው የቦርድ ሒሳብ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል መጻፍ አለበት። ርእሰ መምህራን በየጊዜው ይዛወራሉ፤ ዛፉ ግን ከአራት ወይም ከአምስት ርእሰ መምህራን በላይ ይቆያል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ከሚያውቀው ሰው ጋር ይሄዳል።

ስምምነቱ ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ። ሙካኡ ቀጥ ያለ ግንድ የሚኖረው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከግንዱ ጎን የሚወጡት እምቡጦች ገና ለጋ ሳሉ በጣት ከተቀጠፉ ነው። ቢዘገይ ቅርንጫፉ ይወፍርና በቢላዋ መቆረጥ ይኖርበታል፤ ጠባሳውም በጣውላው ላይ ቋጠሮ ሆኖ ይቀራል፤ የመሸጫው ዋጋም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሥራ ለልጆች እጅ የሚመጥን ቀላል ሥራ ነው፤ ነገር ግን ውድድሩና ሽልማቱ ካለፉ በኋላም መቀጠል አለበት። ስለዚህ የኩባንያው ባለሙያ ጉብኝት በመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ ሳያበቃ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ዓመት ቅጠፋ ድረስ እንዲዘልቅ በስምምነቱ ውስጥ በወርና በዓመት ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል።